የሽፋ ላንድሮቨር

«እስቲ ድገሚው!» አለ መካኒኩ ወልዱ፣ ጭንቅላቱን ከላንድሮቨሯ ኮፈን ሥር ሳያወጣ።

ሱራያ ቁልፉን አዞረች። መኪናዋ ትንፍሽ አላለችም። ከኋላ ወንበር እንቁላል ታቅፋ የከረመችው ዶሮ ብቻ አጉረመረመች።

«ከነዶሮዋ ነው እንዴ የምትሸጡልኝ?» አለ በዛብህ እየሳቀ። በዛብህ መኪናዋን ሊገዛ ከጨለለቅቱ ድረስ የመጣ የቡና ነጋዴ ነው። ቃሉም አጭር ነው፦ ተነሥታ በራሷ ጉልበት ከግቢ ከወጣች ዛሬውኑ ይወስዳታል፤ ካልተነሣች አይፈልጋትም።

ገዢውን ያመጣው የሱራያ ታላቅ ወንድም ከሊፋ ነው። ወንድም መቼም ለእህቱ ክፉ አያስብም፤ ብቻ የእሷ መጠበቅ ሰልችቶታል።

መኪናዋ የባሏ የሽፋ ናት። ሽፋ ዲላ ላይ ጨርቅ ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። አብዮቱ ሰውን ሁሉ እርስ በርሱ ባስፈራራበት በዚያ ሰሞን ሱቁ ሲታሸግበት፣ «ነገሩ እስኪበርድ» ብሎ በሰው የጭነት መኪና ተደብቆ ወደ ሞያሌ ወረደ። በራሱ መኪና ቢሄድ ኬላ ላይ ይለቅሙት ነበር። ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው፣ ነገሩም አልበረደ፣ እሱም አልመጣ። መጀመሪያ አካባቢ በሾፌሮች ሰላምታ ይልክላት ነበር፤ ኋላ ሰላምታውም ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሚደርሳት ወሬ ብቻ ነው፤ ሽፋ ድንበር ተሻግሮ ሌላ አግብቷል የሚል ወሬ።

ሱራያ ወሬውን በሰው ፊት ትስቅበታለች፤ ብቻዋን ስትሆን ታለቅስበታለች። ትቶት የሄደውን ሸሚዙን እስካሁን ከቤት አላወጣችውም። ኪሱ ላይ በሳሙናም በአመድም አልለቅ ያለ የቅባት እድፍ አለው። በዚያ እድፍ ስንቴ ተጨቃጭቀዋል! ዛሬ ያ ጭቅጭቅ ራሱ ይናፍቃታል።

ወልዱ የባትሪውን ጫፍ አሳያት፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ወርሶታል። «ይሄስ ሞቷል፤ የቀረው ቀብር ነው» አለ። የሽቦዎቹን ራስ በሙቅ ውኃ አጥቦ ፈተገና ይዞት የመጣውን ባትሪ ገጠመ። መብራቷ ቦግ አለ። ሱራያ ቁልፉን ስታዞር ሞተሩ ተሽከረከረ፤ ግን አልተነሣም።

«ቤንዚን አልደረሳት ይሆን?» አለ ከሊፋ።

«በኩፖን ለምናችሁ የቀዳችሁት ቤንዚንማ እዚህ ድረስ ይሸታል።» ወልዱ አንዷን ካንዴላ ፈታና ከሽቦዋ ሳይለያት የሞተሩ ብረት ላይ አስጠግቶ ያዛት። «አዙሪው!»

አዞረችው። ካንዴላዋ ጫፍ ላይ ብልጭ ያለ ነገር የለም።

«እሳት የላትም! ይኸውላችሁ በሽታዋ» አለ ወልዱ። እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ዕቃ ክዳን አነሣና ጎንበስ ብሎ ውስጡን አየ።

«ምነው ጋሽ ወልዱ?» አለች ሱራያ።

«ሮተሯ የለችም። እዚህ መሐል የምትቀመጥ ትንሽ ጥቁር ዕቃ ናት። እሷ ከሌለች እሳቱ ካንዴላ ዘንድ አይደርስም። አልተሰበረችም፤ ሰው ነው ያወለቃት።»

ሱራያ ከመኪናዋ ወረደች። ባዶውን ቦታ ስታይ የኮንጋ ገጠር መንገድ ትዝ አላት። ጨርቅ ለማድረስ አብረው ሲሄዱ መኪናዋን መንገድ ዳር አቁመው በእግር መንገዱ ይገቡ ነበር። ከመግባታቸው በፊት ሽፋ ኮፈኑን ከፍቶ አንዲት ጥቁር ነገር ይነቅልና ኪሱ ይከታል። «ቁልፍማ ሌባም አያጣም። ይቺን ከያዝኩ ግን እስክመለስ ትጠብቀኛለች» ይላት ነበር። መኪናዋን ለሰው ሲያውስ ወይም ጋራዥ ሲተዋት አይነካትም፤ የሚያወልቃት ተመልሶ ሊነዳት ሲያስብ ነው።

«የኪሱ እድፍ!» አለች።

«የምን እድፍ?» አለ ከሊፋ።

«ይዟት ነው የሄደው፤ ሊመለስ ነው የሄደው ወንድሜ! በቃኝ ብሎ የሚሄድ ሰው ይቺን ምን ያደርጋታል?»

«ልማድም ይሆናል እኅቴ» አለ ወልዱ ቀስ ብሎ። ሊያሳዝናትም ሊዋሻትም አልፈለገም። «የሾፌር እጅ ሳያስበው የሚሠራው ነገር አለ።»

«ደግሞስ ያኔ ያሰበውን ዛሬም ያስባል ያለሽ ማነው?» አለ ከሊፋ።

ይህቺ ልቧን ወጋቻት። እውነቱን ነው፤ እሷም አጥታው አይደለም። ግን ይህን ሁሉ ዘመን ስለ ባሏ የምትሰማው ከሰው አፍ ነበር፤ ዛሬ ገና የገዛ እጁ የሠራውን አየች። ወይ ናፍቆት! ቁጭ ብላ ብታለቅስ በወደደች፤ ሰው ፊት ሆነባት።

«ታዲያ ይሄም ችግር ሆኖ!» አለ በዛብህ። «ወልዱ፣ ከሳጥንህ ሌላ ሮተር አይጠፋም።»

አልጠፋም። ወልዱ ያገለገለች ሮተር ፈልጎ አወጣና በእጅጌው ወለወላት። «ትሆናለች። አሁን ትነሣለች» አለ።

ሊገጥማት ሲል ሱራያ ቀደመችው፤ ባዶው ቦታ ላይ መዳፏን አሳረፈች።

«ይተዉት።»

«ሱራያ!» ብሎ ጮኸ ከሊፋ። «ሰውየው ከስንት አገር መጥቶ! ሰውስ ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል! እስከ ዛሬስ መቼ ዝም አለ?» ወደ በዛብህ ዞረች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ምሳ ሳይበሉ እንዳይሄዱ። ቃላችን ከተነሣች ነበር፤ ይኸው አልተነሣችም።»

በዛብህ ሊቆጣ ዳድቶት ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ግን ኮፍያውን አንሥቶ ራሱን አከከ። ከሊፋ ወላሂ ሁለተኛ አልገባበትም እያለ ወደ በሩ ሄደ። ወልዱም ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ።

«ኧረ የት ሊሄዱ ነው ጋሽ ወልዱ? ሥራዎን ይጨርሱ እንጂ!» አለችው። «ለባትሪው መላ ይፈልጉልኝ፣ ካንዴላዎቹን ይጥረጉልኝ፣ ፍሬኑንም ይዩልኝ። ከዚያች ከሮተሯ በቀር ምንም እንዳይጎድላት።»

ከዚያ የኋላውን በር ከፈተችና ዶሮዋን ከነእንቁላሏ አቅፋ ወደ ጓዳ ገባች።