የእርጥብ እንጨት ሣጥን

ኮጃራም ጎህ ሲቀድ አረፈ። ታናሽ ወንድሙ ሁክማራም የሟቹን ዐይን ከከደነ በኋላ በቀጥታ ወደ ከብቶቹ በረት ሄደ፤ ከበሩ በስተግራ፣ ላሞቹ ቀን ቀን ተኝተው በሚያመሰኩበት ቦታ፣ የጉድጓዱን ልክ በእርምጃው ለካ። ቦታውን የመረጠው እርሱ አልነበረም። ሟቹ ከሦስት ወር በፊት፣ እግሩ አልታዘዝ ባለው ጊዜ፣ በገመድ አልጋው ላይ እንዳለ በጣቱ አመልክቶታል።

«እዚያ አግባኝ» ብሎት ነበር። «ላሞቹ እላዬ ላይ ይተንፍሱ። እንጨት የሚባል አይንካኝ። ልጄ ፊቴን ገልጦ የስንብቱን ቃል ይበለኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሁክማራም እሺ ብሏል። ይህ ለእርሱ ቀላል ነገር አልነበረም። በዙሪያቸው ያለው ሕዝብ ሁሉ ሬሳውን በእንጨት ሲያቃጥል፣ የእነርሱ ወገን ብቻ ከአምስት መቶ ዓመት ወዲህ ይቀብራል፤ ለሞተ ሰው ተብሎ በሕይወት ያለ ዛፍ አይገደልምና። ለቃሬዛ እንኳ ቅርንጫፍ አይቆርጡም፤ ሬሳውን በትከሻቸው ይሸከሙታል። አያቶቻቸው ኼጅሪ የተባለውን የበረሃ ዛፍ እንዳይቆረጥ አቅፈው አንገታቸውን ለመጥረቢያ የሰጡ ሰዎች ናቸው። ሁክማራምም ዕድሜውን ሙሉ የመንደሩን ሞፈርና ቀንበር ሲጠርብ፣ ዐውሎ ነፋስ ጥሎት ሁለት በጋ ካደረቀው ግንድ በቀር ሌላ እንጨት በእጁ ነክቶ አያውቅም።

ረፋዱ ላይ ስልኩ ጮኸ። የሟቹ አንድያ ልጅ ማሂፓል ነበር፤ ከጃይፑር ከተማ።

«ካካ፣ እኔ ሳልደርስ እንዳትቀብሩት» አለ፤ ካካ የሚባለው የአባት ታናሽ ወንድም ነው። «ለአባዬ የሚገባውን ይዤለት እየመጣሁ ነው።»

«ለአባትህ የሚገባው አፈር ነው። እርሱ ደግሞ እዚህ ሞልቷል» አለው ሁክማራም። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ድረስ። ከዚያ በላይ አላቆየውም።»

የማሂፓል ሥራ ለመንደሩ ሰው ሲነገር ቀልድ ይመስል ነበር። በከተማው ያሉ ባለጸጎች አካባቢን ሳይጎዱ እንዲቀበሩ ያደርጋል። የአባቶቹ ሥርዓት፣ ድሆቹ በነጻ የሚፈጽሙት፣ በእርሱ እጅ ስምና መልክ ወጥቶለት፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ታትሞ፣ ቀብር ለማያውቁ ሰዎች እንደ አዲስ ግኝት ይቀርባል። በወረቀቱ ላይ የኮጃራም ፎቶግራፍ አለ፤ ነጭ ጥምጥሙን ጠምጥሞ፣ ዛፍ ተደግፎ። ኮጃራም ወረቀቱን ባየው ጊዜ ለረዥም ጊዜ አገላብጦ፣ «ዛፉስ ጥሩ ወጥቷል» ብሎ ነበር የመለሰው።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንድ ትልቅ መኪና አሸዋውን እየቀዘፈ መጣ። ማሂፓል ወረደ፤ ከኋላው ካሜራ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ተከተለው። ሁለቱ ተጋግዘው፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ረዥም ነገር ከመኪናው አወረዱ። ላስቲኩ ሲገፈፍ ሣጥን ሆነ፤ እጀታው ከገመድ የተሠራ፣ ቀለም ያልነካው፣ የሚያምር ሣጥን።

ጉድጓዱን ሲቆፍር የዋለው ጎረቤታቸው ባግዳራም አካፋውን ተደግፎ ተመለከተው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የአባዬ ማረፊያ ነው» አለ ማሂፓል። «ምስማር የለበትም፣ ሙጫ የለበትም። በአንድ ዓመት ውስጥ በስብሶ ወደ አፈር ይመለሳል።»

«አባትህ ብቻውን መበስበስ ያቅተዋል ብለህ ነው?»

ከግንቡ ሥር የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሳቃቸውን በጥምጥማቸው ጫፍ ሸፈኑ። ማሂፓል ግን የተናቀ አልመሰለውም፤ ያልተማረ ሰው ሲቀልድ እንደሚታለፍ አለፈው።

«ከምን ተሠራ?» አለ ሁክማራም።

«ከወደቀ ዛፍ ነው፣ ካካ። ወረቀት አለው፤ ማኅተም ያለበት። እኔ የዚህ ቤት ልጅ አይደለሁ?»

ሁክማራም ወረቀቱን አልተቀበለም። ማንበብ የተማረው በስተርጅና ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወረቀት እንደሚዋሽ ያውቃል። ወደ ሣጥኑ ጎንበስ ብሎ ሁለት ጊዜ በጣቱ አንኳኳው። የደረቀ እንጨት ሲመቱት ይመልሳል፤ ይህኛው ድምፁን ዋጠው።

«ሬሳው እስኪታጠብ ፀሐዩ ላይ አኑረው» አለ ብቻ።

ሟቹን በጨርቅ በተጣራ ውሃ ሲያጥቡት፣ የሟቹ ሚስት ዳፑ የልብሷን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ወደ ሁክማራም ተጠጋች። ፊቷን እንደ ልማዷ ከፍላ ሸፍናለች።

«አውቄሃለሁ» አለችው ቀስ ብላ። «ዝም ስትል አውቄሃለሁ። ያለኝ እሱ አንድ ነው። ሰው ፊት አታዋርድብኝ።»

«እኔ አላዋርደውም። የተናገረው እውነት ከሆነ ማንም አያዋርደውም።»

«ካልሆነስ?»

ሁክማራም ወደ ሬሳው ተመለሰ። ለወንድሙ የገባው ቃልና የዳፑ ልመና በደረቱ ውስጥ እንደ ሁለት በሬ ተገፋፉ።

ነጩ የጥጥ ከፈን ሳይጠቀለል አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ጣ። ሰው ሁሉ ዞረ። የሣጥኑ ክዳን ከአንደኛው ጥግ ተነሥቶ እንደ ደረቀ ቆዳ ተቆልምሟል። ደግሞ ጣ አለ፤ ከራስጌው እስከ ወገቡ ተተረተረ። በላስቲክ ታፍኖ የመጣ እርጥበት የበረሃውን ፀሐይ ሲያገኝ የሚያደርገውን አደረገ። በመገጣጠሚያው ላይ ቡናማ ጠብታ ወጣ፤ ቆመ፤ ወፈረ። የዳፑ ፍየል ማንም ሳይጠራት መጥታ ትልሰው ጀመር።

«ፍየሏ ወረቀቱን አላነበበችም» አለ ባግዳራም።

ካሜራ የያዘው ሰው ሥራውን ሊቀጥል ከፍ ሲያደርገው፣ አንድ ሽማግሌ መዳፉን የካሜራው ዐይን ላይ ጫነበትና ዝቅ አደረገው።

ሁክማራም ጠብታውን በጣቱ ነክቶ አሸተተ። «ኼጅሪ ነው» አለ። «ወር አልሞላውም። ቆሞ ሳለ ነው የተገደለው።»

«አቅራቢው የነገረኝን ነው ያመንኩት» አለ ማሂፓል፤ ድምፁ ቀጥኖ ነበር። «ደግሞስ ካካ፣ እርስዎ ከተማውን አያውቁትም። እዚያ አንድ ሬሳ ለማቃጠል ስንት ኩንታል እንጨት ይነዳል? እኔ በዚያ ፈንታ አንዲት ሣጥን ነው የምሰጣቸው። አርባ ሰው ነው ዘንድሮ በዚህ መንገድ የሸኘሁት።»

ሽማግሌዎቹ አርባ ዛፍ ቆጠሩ። ማሂፓል ራሱ የተናገረውን ቁጥር ከሌሎቹ በኋላ ሰማው።

«እነሱ አያውቁም» አለ ሁክማራም ረጋ ብሎ። «ያላወቀ ሰው ቢያቃጥል፣ ያላወቀ ነው። አንተ የተወለድከው እዚህ ነው። የጠባኸው ከዚህ ነው። ሙታናችን ያለ እንጨት የሚቀበሩበትን ሥርዓት ሸጥክ፤ ለሽያጩ ማሸጊያ ዛፍ ቆረጥክ። እንዲህ ያለ ስሕተት ባዳ አይሠራውም፤ ከየት ያመጣዋል?»

ማሂፓል እናቱን ተመለከተ። ዳፑ መሸፈኛዋን እስከ አገጯ አወረደችው።

ሬሳውን አራት ሰዎች በትከሻቸው አንሥተው ወደ በረቱ ወሰዱት። ላሞቹ ቦታ ለቀቁ። ኮጃራም ፊቱን ወደ ሰሜን አድርጎ ወረደ፤ ከሥሩ አሸዋ፣ ከላዩ ጨርቅ፣ ሌላ ምንም። ማሂፓል ጫማውን አውልቆ ወደ ጉድጓዱ ገባና የአባቱን ፊት ገለጠ።

«አባዬ፣ ከተፈጥሮ ጋር ዳግም…»

«ይሄ የወረቀትህ ነው» አለው ሁክማራም ከላይ ሆኖ። «አባትህ ይህን አልጠየቀም።»

ፀሐይዋ የበረቱን አጥር ነክታለች። ማሂፓል የአባቱን ፊት አየ። ልጅ ሳለ በአያቱ ቀብር ላይ የሰማው ቃል፣ እንደ ተረሳ ዕቃ ከታች ተፈልጎ ወጣ።

«ይህ ቤት ያንተ ነው» አለ።

የወንድሙ ቃል ተፈጸመ። አፈሩን ሁሉም በእጃቸው መለሱት፤ ውሃ አፈሰሱበት፤ ለወፎች ማሽላ በተኑበት። ማሂፓል እጁን አራግፎ ጫማውን ሊፈልግ ዞረ።

ባግዳራም ግን አካፋውን አላኖረም። ከአጥሩ ውጭ፣ ከአንዲት አሮጊት ኼጅሪ ሥር፣ ሌላ ጉድጓድ ጀምሯል።

«ያ ለማን ነው?» አለ ማሂፓል።

«ከከተማ ለመጣው ሬሳ» አለ ባግዳራም። «ወይስ መልሰህ ይዘኸው ልትሄድ ነው? ለአርባ አንደኛው?»

ሣጥኑን እንደ ሟቹ በትከሻቸው ተሸከሙት፤ አንዱን ጥግ ለማሂፓል ሰጡት። ሲያወርዱት የእንጨቱ ሙጫ ከእጁ ላይ አልለቅ አለው። ሁክማራም የተቆለመመውን ክዳን አነሣ።

«ፊቱ ተገልጧል» አለ። «ቃሉን በለው።»

«ካካ፣ ይህ እንጨት ነው።»

«አዎ። እንጨት ነው።»

ማሂፓል ደግሞ ወደ እናቱ ዞረ። ቅድም ስለ እርሱ የለመነችው ዳፑ፣ ጎንበስ ብላ አንድ እፍኝ አፈር ዘገነችና ጠበቀች።

«በል እንጂ» አለችው። «አባትህ እየሰማ ነው።»

ማሂፓል ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

«እኛ ጋ አልደረሰም» አለ ባግዳራም።

«ዛፉ ከሰማው ይበቃል» አለ ሁክማራም፤ መስማቱን ግን አላመነም። እፍኙን ሞልቶ አፈሩን ለቀቀው።