በምድጃ የደረቀ አበባ

«እማ፣ እንጨቱ ይታጠፋል ወይስ ቀጭ ብሎ ይሰበራል?»

ልጄ ያማንዱ ይህን የጠየቀኝ በስልክ፣ ከሩዝ ማሳ ላይ ሆኖ ነው። ከኋላው ኮምባይነር ይጮሃል። እኔ የጓሮው ክፍል በር ላይ ቆሜአለሁ፤ አፍንጫዬን በሻርፕ አስሬ፣ ሰሃን የማጥብበትን የላስቲክ ጓንት አጥልቄ፣ ከጣሪያው ቁልቁል የተንጠለጠሉትን የማሪዋና ቅርንጫፎች አፍጥጬ አያለሁ። እሱ ከሰቀላቸው ጀምሮ አንዱንም አልነካሁም። የነካሁ እንደሆነ ሰክሬ አደባባይ ወጥቼ የምዘፍን ይመስለኝ ነበር።

«እማ? አለሽ?»

«አለሁ ልጄ። በልተሃል?»

መልሱን የማላውቀው ጥያቄ ሲመጣብኝ ስለ ምግብ እጠይቃለሁ። ትልቋ ልጄ ሱልማ «ስፔን ልሄድ ነው፣ ምን ትያለሽ?» ያለችኝ ቀንም «ሾርባሽ እንዳይቀዘቅዝ» ነው ያልኳት። ሾርባዋን ጠጣችና ሄደች።

በእኛ አገር ስድስት እግር ተክል አስመዝግቦ በጓሮ ማሳደግ ከተፈቀደ ቆይቷል። ያማንዱ ስድስቱንም በጋውን ሙሉ እንደ ሕፃን አሳደጋቸው። የማፍረው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰው እንዳያያቸው በየቀኑ አንሶላ አጥቤ ፊት ለፊታቸው አሰጣለሁ፤ ጎረቤቶቼ ደግሞ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው «ኒቢያ፣ ሦስተኛዋ ውሃ ጠምቷታል» ይሉኛል። አንሶላዎቼ እንደዚያ ዓመት ንጹሕ ሆነው አያውቁም።

ነገሩ ግን ለያማንዱ ጨዋታ አልነበረም። ባሕሩ ዳር፣ ላ ፓሎማ፣ እንዲህ ያለውን ተክል በጋራ የሚያሳድጉ ሰዎች ማኅበር አላቸው። ማኅበሩን የምትመራው ሮሲና የምትባል ሴት አንድ ሠራተኛ ትፈልጋለች፤ ደመወዝ አለው፣ መኝታ ቤት አለው። «ቃለ መጠይቅ የሚባል ነገር የለም» አለችው፤ «አበባህን አድርቀህ፣ በብልቃጥ አሳርፈህ ጠብቀኝ። መጥቼ አሸተዋለሁ።» ሽታው ካማራት ያማንዱ ከሩዝ ጭቃ ይወጣል። ከቤቴም ይወጣል። ሥራውን እንዲያገኝ እፈልግ ነበር፤ እንዳይሄድም እፈልግ ነበር። ሁለቱንም ከልቤ።

ታዲያ ተክሉ የደረሰው ሩዙ በደረሰበት ሰሞን ሆነ። ያማንዱ ቆርጦ እንደ ሰቀላቸው የሩዝ እርሻው አለቃ ትራክተር እንዲነዳ ጠራው። እዚያው ማሳ ላይ ነው የሚያድሩት። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ «አደራ እማ» አለኝ። «ጨለማ ይሁን፣ ነፋስ ይግባው፣ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ወፍራሙ እንጨት ቀጭ ሲል ንገሪኝ። እስከዚያ ምንም አታድርጊ።»

ምንም አለማድረግ! ከሥራ ሁሉ እኔ የማልችለው እሱን ብቻ ነው።

ከዚያ ዝናቡ ጀመረ።

ላስካኖ የሩዝ ከተማ ናት፤ ስለ ማድረቅ አስተያየት የሌለው ሰው አይኖርባትም። ከሁሉም የባሱት ጎረቤቴ ዶን ኤልቢዮ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሩዝ ፋብሪካው ማድረቂያ ላይ የሠሩ፣ አንዲት ፍሬ በጥርሳቸው ነክሰው «ይቺ ገና ናት» የሚሉ ላጤ ሽማግሌ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ማቴያቸውን፣ መራራውን የቅጠል ሻይ፣ በእጃቸው፣ የፍል ውሃ ፔርሙዛቸውን በብብታቸው ይዘው እኔ ቤት ይመጣሉ። አንዴ እሳቸው ይጠጣሉ፣ አንዴ እኔ፤ ሁለታችንም እናማርራለን።

ያን ቀን የጓሮውን ክፍል ከፍቼ አሳየኋቸው። ወደ ላይ አንጋጠው አዩ። አንዱን ቅርንጫፍ በጣታቸው ነካ አደረጉ። አልሰከሩም።

«ጥሩ ነው። ተዪው» አሉ።

«ዶን ኤልቢዮ፣ ዝናብ እኮ ነው!»

«ዝናቡ ውጭ ነው።»

«ሊሻግትብኝ ነው!»

«ስሚ ኒቢያ። ሩዝ እንኳ እሳት አሳይተሽው ወዲያው አትጨርሺውም። ታሳርፊዋለሽ። ውስጡ ያለው ውሃ ቀስ ብሎ ወደ ቆዳው ይወጣል። ያላረፈ ሩዝ ይሰነጠቃል። ስንቱን ሩዝ አሳርፌአለሁ መሰለሽ?»

«አሁንማ የሚያርፉት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ምቀኛ!» ሳቁና ጉልበታቸውን አሹ። «ይልቅ አንድ ሁለት ቅርንጫፍ ስጪኝ። አልኮል ውስጥ ዘፍዝፌ ጉልበቴን ልሽበት።»

ከሦስተኛዋ ተክል፣ ውሃ ጠምቷታል ከምትባለው፣ ሁለት ቅርንጫፍ ሰጠኋቸው። ዝናብ ውስጥ እንደ ጃንጥላ ከራሳቸው በላይ ይዘው ሄዱ።

እንደ ወጡ ገመዱን ፈታሁ። ቅርንጫፎቹን በሙሉ ወደ ወጥ ቤት አስገባሁና ከምድጃው በላይ ሰቀልኩ። እንጨት ጨመርኩ። ቬንቲሌተሩን አምጥቼ ፊታቸው ላይ ለቀቅኩት። የልጆቼን የሽንት ጨርቅ ያደረቅሁት እንዲህ ነው፤ የባሌን፣ ነፍሱን ይማርና፣ የሥራ ቱታ ያደረቅሁት እንዲህ ነው፤ አንዱም ሻግቶብኝ አያውቅም። ደግሞ ዝናብ ሲዘንብ ላስካኖ ውስጥ ቶርታ ፍሪታ የማይጠበስበት ቤት የለም፤ እኔም ሊጡን ዳምጬ በሞራ ጠበስኩ። ምድጃው ግሏል፣ ቂጣው ያምራል፣ አበባው ከላይ ይወዛወዛል። ቤቴ እንደዚያ ቀን ሞቆ አያውቅም። ራሴን አደነቅሁ።

ቅጠሉ ጣት ሲነካው የሚፈረፈር በሆነ ጊዜ ጓንቴን አጥልቄ አንድ እንጨት አጠፍኩ። ቀጭ! ሮጬ ደወልኩ።

«ልጄ፣ ቀጭ አለ!»

«እንዴት? ገና አራት ቀኑ ነው» አለ።

«አየሩ ጥሩ ሆኖ ነዋ።»

«እማ፣ እዚህ በዝናብ ሥራ ቆሟል። ጭቃው አላስወጣ ብሎን ታግተናል።»

«እዚህ… አየሩ ሌላ ነው።»

«ሃያ ኪሎ ሜትር እኮ ነው! ወፍራሙን ነው ያጠፍሽው?»

«በልተሃል?» አልኩት።

ያጠፍኩት ከሁሉም ቀጭኑን ነበር። ወፍራሞቹ እንዳይጎዱ ብዬ ነው የተውኳቸው።

እሱ እንዳዘዘኝ አበባውን ከእንጨቱ ቆርጬ ወደ ብልቃጥ ከተትኩ። ማለትም እሱ ያዘዘኝ ብልቃጡን ሳልሞላ፣ አየር ትቼለት፣ በየቀኑ ለትንሽ ጊዜ እየከፈትኩ እንድዘጋው ነው። እኔ ግን የማውቀው ብልቃጥ የማርማላታ ብልቃጥ ነው። ማርማላታ ደግሞ እስከ አፉ ይሞላል፣ ይጠቀጠቃል፣ እንዳይበላሽ አይከፈትም። ጠቀጠቅሁት። በላዩ ላይ «ያማንዱ» ብዬ ጻፍኩበትና ከርቀት ቆሜ አየሁት።

በማግስቱ ብልቃጦቹ ከውስጥ አልቧቸው ነበር። ክዳኑን ብከፍተው የዶሮ ኩስ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ውጩን በእሳት ጠብሼ ውስጡን እርጥብ ትቼዋለሁ፤ ያ ተደብቆ የነበረው ውሃ አሁን ወጥቷል። ዶን ኤልቢዮ ስለ ሩዙ የነገሩኝ ያኔ ገባኝ። የገባው ሰው ደግሞ ቁጭ ብሎ ያስባል። እኔ ግን በትሪ ዘርግቼ መልሼ ምድጃ አጠገብ አኖርኩት። ደረቀ፣ ከተትኩት። አላበው፣ ዘረጋሁት። ሌሊት ልጅ እንደምታባብል ሴት ሳወጣና ሳስገባ ሳምንቱ አለቀ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ አፍስሼ፣ ለቅሜ፣ እንደገና አፈሰስኩ።

መጨረሻ ላይ ላብም ሻጋታም ጠፋ። ሽታውም ጠፋ። የቀረው የከብት ድርቆሽ ነው። የወተት አመላላሹ ፈረስ መስኮቴ ስር ቆሞ አልሄድም አለ። ማታ ማታ እኔን መሰል ትልልቅ ሰዎችን ፊደል የምታስቆጥር መምህርት አጠገቤ ቆማ አሸተተችና «ኒቢያ፣ ላም ገዛሽ እንዴ?» አለችኝ።

ያማንዱ የተመለሰው ሮሲና ልትመጣ አንድ ቀን ሲቀራት ነው። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ብልቃጡን ከፈተ። አሸተተ። ሁለተኛውን ከፈተ። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ምን አደረግሽው?»

«ምንም። ትንሽ… ምድጃ አሳየሁት።»

«ምንም አታድርጊ ብዬሽ ነበር እኮ።»

«እሱን ነው ያቃተኝ።»

ጭቃውን ከጫማው እየፋቀ፣ ቀና ሳይል፣ «እማ፣ ሆን ብለሽ ነው? እንዳልሄድብሽ ነው?» አለኝ።

ይህችኛዋን በምግብ ማለፍ አልቻልኩም።

«ሆን ብዬ ቢሆን ኖሮ ልጄ» አልኩት፣ «በሕይወቴ አንድ ነገር እንዳሰብኩት ሠራሁ ማለት ነበር።»

ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። የምሰጠው ነገር ስላልነበረኝ የቀዘቀዘ ቶርታ ፍሪታ ሰጠሁት። በላው።

ሮሲና ጭቃ በለበሰች ትንሽ መኪና መጣች። ብልቃጡን ተቀብላ አፍንጫዋን አስጠጋች፣ ጨዋ ሴት ስለሆነች ፊቷን አላጨማደደችም። «ድርቆሽ… ድርቆሽ ይሸተኛል። ደግሞ ምንድን ነው ይሄ? የተጠበሰ ነገር?»

«የእሷ ቶርታ ፍሪታ ነው!» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ። ዶን ኤልቢዮ ፔርሙዛቸውን ታቅፈው መጥተዋል። «ግሩም አድርጋ ነው የምትጠብሰው።»

መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሮሲና ክዳኑን መለሰችና የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች። ያማንዱ «ይቅርታ፣ በከንቱ አደከምኩሽ» አላት። ጆሮው እንደ ልጅነቱ ቀልቶ ነበር።

ዶን ኤልቢዮ ወደ እሱ፣ ከዚያ ወደ እኔ አዩ። «ቆዩ እስቲ» ብለው እያነከሱ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሲመለሱ የወይራ ፍሬ የነበረበትን ብልቃጥ ይዘዋል።

«ያቺ ለጉልበቴ የሰጠሽኝ ናት» አሉኝ። «ዝናቡን ፈርቼ አልኮሉን ሳልገዛ ቀረሁና ቁም ሳጥኔ ውስጥ ሰቀልኳት፣ ከሱፍ ካፖርቴ አጠገብ። እንጨቷ ቀጭ ስትል ወደዚህ ከተትኳት። ጠዋት ሸሚዝ ስቀይር ክዳኑን ከፍቼ አናፍሳታለሁ፣ የሸሚዜን ቁልፍ ቆልፌ ስጨርስ እዘጋለሁ። ሌላ ምንም አላደረግሁም።»

ሮሲና ከፈተችው። ከርቀት እንኳ ሸተተኝ፤ እንደ ብርቱካን ልጣጭና እንደ ጥድ ሙጫ ያለ ነገር ነው። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ብልቃጡን ለያማንዱ ሰጠችው። እሱም አሸተተና ቀና አለ። «ሦስተኛዋ ናት። የእኔ ናት» አለ። በጋውን ሙሉ የደከመበትን ነገር ያኔ ገና ማየቱ ነበር።

«ጥሩ አሳድገሃታል» አለችው ሮሲና። «ግን እውነቱን ልንገርህ፣ የሚያሳድግስ አለን። የባሕሩ እርጥበት ነው የሚገድለን፤ በየዓመቱ ግማሹ ይሻግትብናል። የቸገረን የሚያደርቅ ሰው ነው።» ወደ ዶን ኤልቢዮ ዞረች። «የት ነው የተማሩት?»

«ሩዝ ላይ» አሉ፣ ማቴያቸውን እየመጠጡ።

ከዚያ ስለ ማሳረፍ ማውራት ጀመሩ። እኔ ያንን ንግግር ስንት ጊዜ አቋርጬባቸዋለሁ! ሮሲና አላቋረጠቻቸውም። ሲጨርሱ ላ ፓሎማ ወርደው ለማኅበሩ ይሠሩ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ልጁስ?» አሉ።

«መኝታ ቤቱ አንድ ነው። ያማንዱ በሚቀጥለው ዓመት ራሱ ያደረቀውን ያሳየኝ።»

ያማንዱ ብልቃጡን መልሶላቸው፣ «ይሂዱ ዶን ኤልቢዮ» አላቸው። «እርስዎ ባይኖሩ ሦስተኛዋንም እማ ትጠብሳት ነበር።»

እኔ በልቤ ደስ አለኝ፤ በመደሰቴም አፈርኩ። ልጄ አልሄደም! ወጥ ቤት ገብቼ ሰሃን በማጠብ ፊቴን ደበቅሁ።

ዶን ኤልቢዮ የሄዱት በሳምንቱ ነው። ቁም ሳጥኑን ጥዬ አልሄድም ብለው በሰው ፒክአፕ ላይ አስጫኑት። ሰውዬው ገመዱን እያሰረ ሳለ ወደ አጥሩ መጡ። ኮፍያቸውን አውልቀዋል።

«ኒቢያ፣ ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። ከጥያቄው በስተኋላ ሌላ ጥያቄ እንዳለ ግን አወቅሁ፤ እሱን ምን ብዬ እንደምመልሰው አላወቅሁም።

«ምሳ በልተዋል?» አልኳቸው።

ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ። «አልበላሁም» አሉ። ሩዝ በሥጋ ሰጠኋቸው። ቆመው በሉ፣ ሰሃኑን መለሱልኝ፣ መኪናው ላይ ወጡ።

ስለ ልጆቼ መሄድ ስጨነቅ ፀጉሬ ሸበተ። ስለ ዶን ኤልቢዮ ግን አንድም ቀን ተጨንቄ አላውቅም፤ አጥሩ የማይሄደውን ያህል እሳቸውም የማይሄዱ ይመስለኝ ነበር። አሁን ከሰዓት በኋላ ማቴውን ብቻዬን አንዴም እኔ፣ አንዴም እኔ እጠጣለሁ። ያማንዱ የጓሮውን ክፍል አድሶ በሩን ቆልፎታል፤ ቁልፉን አይሰጠኝም።

ሱልማ ስፔን ናት። ዶን ኤልቢዮ ከነቁም ሳጥናቸው ላ ፓሎማ ናቸው። ያማንዱ ቀርቷል። እኔም ቀርቻለሁ።