ውኃ የማይገባበት ቤት

መጽሐፍ ጠራዡ አጎንብሶ የሥራ ክፍሉን ወለል እየጠረገ ነበር፤ እንደ ወትሮው ከበሩ ጀምሮ ወደ መስኮቱ፣ በደረቅ መጥረጊያ። ሌላው ሰው ውኃ አርከፍክፎ ይጠርጋል፤ እሱ ጋ ግን ውኃ ደጃፉን አያልፍም። አባቱ «ወረቀትና ውኃ ደመኛ ናቸው» እያለ አሳድጎታል፤ እሱም ሴት ልጁን እንዲሁ። ሙጫ እንኳ የሚቀጥነው ደጅ ነው።

ከኮርኒሱ ስንጥቅ የወደቀው የሌሊት ወፍ ኩስ፣ ሩዝ ሩዝ የሚያህለው፣ በመጥረጊያው ፊት ተንከባለለ። ብናኙ ተነስቶ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ተንሳፈፈ። ወፎቹ ከአባቱ ዘመን ጀምሮ እዚያው ናቸው። ወረቀት የሚበላውን ብል እነሱ ይበሉለታል፤ «ደመወዝ የማይጠይቁ ሠራተኞቼ» ይላቸዋል።

በሩ ተከፈተና ታላቅ እህቱ ገባች። ልጁን ሐኪም ቤት ወስዳ መመለሷ ነው።

«መጥረጊያውን ጣል» አለችው።

«እንደምን አደርክ አይባልም እንዴ፣ እትዬ?»

«ጣል አልኩህ።»

ጣለው። ልጁ አፏን በሻርፕ ሸፍና ደጅ ቆማለች። ከሳልዋ ብዛት ከስታ ቀሚሷ የሰው ልብስ መስሏል። ለሳንባ ነቀርሳ የተሰጣትን መድኃኒት ጨርሳ ነበር፤ ጠብ ያለላት ነገር ግን የለም።

«ነቀርሳ አይደለም» አለች እህቱ። «ፈንገስ ነው። የሌሊት ወፍ ኩስ ላይ የሚበቅል። ደርቆ ሲጠረግ ይቦንንና ሳንባ ውስጥ ይገባል።»

«ታዲያ እኔስ? ዕድሜዬን ሙሉ ስጠርገው ኖሬ የለ?»

«አንተማ ራስህ የሌሊት ወፍ ነህ። ከወፍ አትቆጠር፣ ከአይጥ አትቆጠር።»

ልጅቱ ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነባት፤ ሳሉም አልተዋት አለ። የበሩን መቃን ይዛ ተጣጠፈች። ጠራዡ ሊሮጥላት ሲነሳ አቧራ የለበሰ ሸሚዙን አየና ባለበት ቀረ።

«አዲሱን መድኃኒት ጀምራለች» አለች እህቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ይህ ብናኝ ደግሞ ከገባባት ግን እኔ የለሁበትም ብሏል ሐኪሙ። ወይ እሷ ጥረዛውን ትተወው፣ ወይ አንተ ቤቱን አጽዳው። በደረቁ አትነካውም። በውኃ አርሰህ ነው የምታፍሰው።»

«በውኃ? እዚህ?»

«እዚህ።»

ጠረጴዛው ላይ ልጁ የጀመረችው ስፌት አለ፤ መርፌው እንደተሰካ ነው። ከሱ ይልቅ የሷ ስፌት ይስተካከላል። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ለራሷም ጭምር።

«ወፎቹስ?»

«ልጆቻቸው መብረር ጀምረዋል፣ አባዬ» አለች ልጅቱ ከደጅ። «ማታ ማታ ሲወጡ አያቸዋለሁ። አሁን ስንጥቁ ቢደፈን ውስጥ የሚቀር የለም።»

ገጾቹን ቁልል በቁልል እያወጣ በላስቲክ ሸፈነ፤ ስፌቷን ከነመርፌው በመጨረሻ አወጣ። እህቱ ከሐኪም ቤት ያመጣችውን ጭምብል አፍንጫው ላይ አጠበቀ።

«ባልዲውን ልያዝልህ?» አለችው ልጁ።

«ከዛፉ ሥር ቁጭ በይ።»

«እሺ። ስፌቴን ግን እንዳታበላሽብኝ።»

«ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁም?»

«እሱ አይደል ያስፈራኝ።»

ባልዲውንና አካፋውን ይዞ ደጃፉ ጋ ሲደርስ ቆመ። አባቱ ከውስጥ ቆሞ የሚያየው መሰለው። ከዚያ ገባ።

ውኃውን ቀስ እያለ አፈሰሰ። ኩሱ ጠቆረ፤ ከወለሉም ተጣበቀ። ረስቶት የቀረ አንድ ገጽ ላይ ጠብታ ተፈናጥሮ አረፈና ወረቀቱ አበጠ። እጁ ወደዚያ ሄዶ ተመለሰ። መስኮቱን አየ፤ በብርሃኑ ውስጥ የሚንሳፈፍ ነገር የለም። ደጅ ልጁ እንደገና ሳለች፤ እስክትጨርስ አካፋውን ይዞ ቆመ።

ኮርኒሱ ገና ነው፤ ስንጥቁም ገና ነው። የወለሉን ግን አፍሶ፣ በሁለት ከረጢት ደርቦ፣ አፉን በጥረዛ ክር፣ የመጽሐፍ ስፌት በሚጨረስበት ቋጠሮ አሰረው። ከአጥሩ ጥግ፣ ሰው ከማያልፍበት አስቀመጠው።