የጠመንጃው ምላጭ በእማዬ ሻንጣ

ባሌ መልከጼዴቅ በዚህ አገር፣ በአሜሪካ፣ ሕግ ይምላል። ሃቫና ስትሪት ላይ ወፍ ዝር በማይልበት ሰዓት እንኳ ቀይ መብራት ካየ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ከኋላው ጥሩምባ ለሚነፋበት ሾፌር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ምክር የሚሰጥ ሰው ነው። ስለዚህ ያን የተረገመ አሮጌ ጠመንጃ ከገን ሾው፣ ከመሣሪያ ባዛር፣ ገዝቶ ግሪን ቫሊ ራንች ወዳለው ቤታችን ሲያስገባ፣ ከሕግ ጋር እንጣላለን ብዬ አልሰጋሁም። ጠመንጃውን ግን ጠላሁት። ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ ጋራዥ በገባሁ ቁጥር ግድግዳውን ተደግፎ ሳየው ፊቴን አዙሬ እወጣለሁ።

ጠመንጃው የአባቱ ዓይነት ነው፣ ግን ምላጭም ጥይት መቺ መርፌም የለውም። የአባቱ ጠመንጃ ደግሞ አዲስ አበባ፣ እህቱ ሠርካዲስ ጓዳ ውስጥ ዝጓል። «ምላጩን አስመጥቼ እዚህኛው ላይ አስገጥመዋለሁ፤ የአባቴ ጣት የነካው ነው» አለ። ኮሜርስ ሲቲ ያለ ፈቃድ ያለው የመሣሪያ ነጋዴ አገኘ፣ ነጋዴው ለመንግሥት አመለከተ፣ ወራት ጠብቀን የማስገቢያ ፈቃዱ መጣ። የቀረው ሠርካዲስ ዕቃውን በካርጎ፣ በነጋዴው ስም መላክ ብቻ ነበር።

ካርጎ ቤቱ ዛሬ ነገ እያለ አመላለሳት። እኛ ዘንድ ደግሞ ሰው እየሄደ በካርጎ መላክ ምን ይሉታል? ከአዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ የሻንጣው ግማሽ የሌላ ሰው አደራ ነው። በፕላስተር ተጠቅልሎ ይሰጠዋል፣ ይቀበላል። ውስጡ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ሰው አላምንም ማለት ነው።

አርብ ከሰዓት በኋላ ሠርካዲስ ደወለች። ድምፅዋ ሠርግ የደገሰች ነው የሚመስለው።

«ምንትዬ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ! እማማን ሸኝቼ መግባቴ ነው። የመልኬንም ዕቃ በሳቸው ላክሁት፣ ከካርጎው ተገላገልን!»

እማማ የምትላት የኔ እናት ናት፤ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል። ልታርሰኝ ነበር የምትመጣው።

«ምን ብለሽ ሰጠሻት?»

«የመኪና ስፔር ነው አልኳቸው። በርበሬው መሀል ነው፣ ማንም አያየውም።»

ስልኩን ለመልኬ ወረወርኩለት። እህቱን ሲቆጣ ሰምቼው አላውቅም ነበር፣ ያን ቀን ጮኸ። ግን ምን ያደርጋል? እማዬ ሰማይ ላይ ናት። በሕግ የተፈቀደልን ዕቃ በርበሬ ውስጥ ተደብቆ፣ ምንም ከማታውቅ ሴት ጋር፣ አውሮፕላኗ መጀመሪያ የሚያርፍበት ዋሽንግተን ሊገባ ነው። መልኬ ለነጋዴው ደወለ። «ሳይጠይቋት ራሷ ትናገር» አለው ነጋዴው። ኤርፖርቱም ሲደወልለት የመለሰው ይህንኑ ነው፣ ዲክሌር ማድረግ፣ ይህን ይዣለሁ ብላ ማሳወቅ ያለባት መንገደኛዋ ናት። መንገደኛዋ የምትናገረው ነገር እንዳላት እንኳ አታውቅም። ቦሌን እንዴት እንዳለፈችም እስካሁን አይገባኝም።

«ሪላክስ አድርጊ፣ ፈቃድ አለን እኮ» ይለኛል መልኬ። እሱ ራሱ ሪላክስ አላደረገም፤ አንድ ክፍል ገብቶ ይወጣል፣ ለምን እንደገባ ይረሳል። እኔ ፈራሁ። ልጄ በሆዴ ውስጥ ጸጥ ብሏል፣ እሱንም ፈራሁት።

ጠዋት ቁርስ ላይ ስልኩ ጮኸ። የድንበር ፖሊስ ነው። መልኬ ድምፁን ለሁለታችንም ከፈተው።

ፖሊሱ ክፉ ሰው አልነበረም፣ እርግማን የሚገባው ሰው ባገኝ ደስ ባለኝ። በርበሬው ውስጥ የመሣሪያ ክፍሎች አግኝተናል አለ። መልኬ ሁሉንም አስረዳው፣ ፈቃዱንም ወዲያው ፋክስ አደረገለት።

«ደርሶኛል፣ ትክክለኛ ፈቃድ ነው» አለ ፖሊሱ። «ዕቃውን እንይዘዋለን። ሴትዮዋ ማን እንደሰጣትና ለማን እንደሆነ ከተናገረች አሳልፋታለሁ። ችግሩ ግን፣ የራሴ ነው ትላለች።»

«አታውቅም! የመኪና ዕቃ ነው ብለዋት ነው!» አልኩ።

«መልከጼዴቅ የሚባል ሰው አላውቅም ትላለች። የጥሪ ወረቀቱ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ ስልክህንም ያገኘሁት ከሱ ላይ ነው፤ እሷ ግን አሜሪካ ዘመድ የለኝም ብላ ማለች። ለፖሊስ ከዋሸች በመጣችበት አውሮፕላን ትመለሳለች።»

ያኔ ገባኝ። በደርግ ጊዜ ታናሽ ወንድሟን አባይነህን ካድሬዎች ሲያሳድዱት እማዬ ቤት ነበር የተሸሸገው። ስሙን ከአፏ ማንም አላወጣም፤ መሬት ላይ እየጎተቱ ደብድበዋታል። በመጨረሻ የገዛ እጮኛውን አምጥተው በር ላይ አቆሟት። «አባይነህ፣ እኔ ነኝ፣ ምንም የለም፣ ክፈት» አለችው። ከፈተ። ከዚያ ወዲያ አላየነውም። እማዬ ዛሬም ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ስለ ዘመድ ከጠየቃት የምታውቀው መልስ አንድ ነው።

«እኔ ላናግራት» ብዬ ለመንኩት። «ልጇ ነኝ፣ ድምፄን ትለያለች።»

ፈቀደልኝ። አስተርጓሚው «ልጅሽ ናት፣ አናግሪያት» ሲላት ሰማሁ። ከዚያ ትንፋሿ መጣ።

«እማዬ! እኔ ነኝ፣ ምንትዋብ! ዕቃው የመልኬ ነው፣ ፈቃድ አለው። እውነቱን ንገሪያቸው፣ ምንም የለም፣ ይለቁሻል!»

ምንም የለም ማለቴ፣ የዚያችን እጮኛ ቃል መድገሜ፣ ለራሴ ጆሮ ተሰማኝ። ቃሉን መልሼ መዋጥ አልቻልኩም።

ስልኩን ከመልኬ እጅ ነጠቅኩት።

«እማዬ፣ በማርያም! ማንም አስገድዶኝ አይደለም!»

«ተሳስተዋል፣ እመቤቴ» አለች። እንደማታውቀው ሰው አንቱ አለችኝ። «እኔ ልጅ የለኝም። ዕቃው የራሴ ነው፣ ከማንም አልተቀበልኩም።»

«እማዬ…»

«አልወለድኩም አልኩዎት እኮ።» ድምፅዋ እዚህ ላይ ተሰበረ። ጉሮሮዋን ጠርጋ አስተካከለችው። «ማርያም በሽልም ታውጣዎት።»

ከዚያ ስልኩን ለፖሊሱ ስትመልስለት ሰማሁ።