የአባቷ ካልኩሌተር

የሒሳብ መምህሩ ገና ከበሩ ሲገቡ የሚያነሷት ነገር አንዲት ናት። «ካልኩሌተር እንደ ጥርስ ብሩሽ ነው! የሰው ብሩሽ አፉ ውስጥ የሚከት አለ? እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ያዙ!» ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። ልጅቷም አብራ ትስቃለች፤ ባዶ እጇን ግን ከዴስኩ ሥር ትደብቃለች።

አባቷ ቀያሽ ነው። ሕንፃ የሚቆምበትን መሬት ለክቶ ችካል ይተክላል፤ ቆፋሪዎቹ የእሱን ችካል ተከትለው መሠረት ያወጣሉ። ቁልፎቹ የፈዘዙት ካልኩሌተሩ ቀን በደረት ኪሱ ይውላል፤ ሲመሽ በልጅቷ ደብተር ላይ ያመሻል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጣጣ ነበር። የአባቷ የማዕዘን መለኪያ ክብን ለአራት መቶ የሚከፍል ሲሆን፣ የትምህርት ቤቱ ክብ ሦስት መቶ ስድሳ ዲግሪ ነው። ካልኩሌተሩ በሁለቱም ያሰላል፤ አሁን በየትኛው እንደሆነ የምትናገረው በመስኮቱ አናት ላይ ያለች፣ ጉንዳን የምታህል ፊደል ብቻ ናት። ስለዚህ ልጅቷ የቤት ሥራዋን ስትጀምር ወደ ዲግሪ ትቀይረዋለች፣ ስትጨርስ እንደነበረ ታደርገዋለች። አባቷም ሳይጠይቃት አይቀበላትም።

«ኢንጂነሯ፣ ወደ እኔው መለስሽው?»

«መለስኩት፣ አባዬ።»

አንድ ቀን ጠዋት የቀራትን ጥያቄ እየሠራች ሳለ የመኪና ጡሩምባ ቤቱን አናወጠው። የአባቷ ሥራ ቦታ ሾፌር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ ሙሽራ ሆኑ እንዴ? ይውጡ እንጂ!» ይላል። አባቷ አንድ እጁን ብቻ ጃኬቱ ውስጥ እንዳስገባ መዳፉን ዘረጋላት።

«መለስሽው?»

«መለስኩት፣ አባዬ» አለች። ቃሉ ሐሳቧን ሳይጠብቅ ከአፏ ወጣ።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ ከወትሮው ቀድሞ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ጭቃ የጠጣ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። ሾፌሩ በሩን ተደግፎ ለእናቷ በዝግታ ያስረዳል።

«ችካሉ ሁሉ ከቦታው ዘንፎ ነው የተተከለው፣ እትዬ። ሁልጊዜ ደግመው ሳይለኩ አያስቆፍሩም ነበር፤ ዛሬ ሰማዩ ጠቁሮ አለቃው አጣደፋቸው። ኤክስካቫተሩ የጎረቤቱን አጥር ሥሩን በላው፣ አጥሩም ተደረመሰ። ደግነቱ ሰው አልነበረም። አለቃው ግን እዚያው መሣሪያውን ተቀብሎ አሰናበታቸው።»

«እሱ? ለአንዲት ምስማር እንኳ እንቅልፍ የሚያጣው ሰውዬ?» አለች እናቷ።

ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ካልኩሌተር አንስታ ከፈተችው። ፊደሏ የዲግሪዋ ነበረች፣ ጠዋት እንደተወቻት።

«አባዬ፣ እኔ...»

«ዓይኔ ነው» አለ አባቷ ቀድሟት፣ አተኩሮ እያያት። «አርጅቷል። አላይ አለኝ።»

እናቷ ሾፌሩን ልትሸኝ ስትወጣ፣ አባቷ የልጅቷን ጣቶች በካልኩሌተሩ ላይ አጥፎ አስጨበጣት።

«በይ፣ ከእንግዲህ ያንቺ ነው። መምህርሽም ከጥርስ ብሩሻቸው ይገላገላሉ።» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

በማግስቱ መምህሩ በዴስኮቹ መሐል ሲያልፉ አጠገቧ ቆሙ። «ጎሽ! አንቺም የራስሽን ያዝሽ!» አሉ ደስ ብሏቸው። ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

ሲመሽ የቤት ሥራዋን ሠርታ ጨረሰች። ጣቷ እንደልማዱ ቁልፎቹን ተጫነ፤ ፊደሏ ተቀየረች፣ ካልኩሌተሩ ወደ አባቷ ተመለሰ። ልጅቷ ጆሮዋን ወደ ጓዳው በር ሰጥታ ጥያቄውን ጠበቀች። አባቷ ነቅቷል፤ አልጋው ሲንቋቋ ይሰማታል። ማንም ግን አልጠየቃትም።