ሃያ ሌቫ ለጀርባ ነፋስ

ቅጣቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። በሌላ ሰው ላሳብብ ብል የሚያምነኝ የለም። በክለባችን ቀልድ የሚያመጣው ማን ነው ተብሎ ከተጠየቀ፣ ከአብራሪው እስከ ዘበኛው ጣቱን የሚቀስረው በእኔ በዛፕርያን ላይ ነው።

ሜዳችን ከባልካን ተራራ ሥር ያለ ሣር ነው። አንድ አሮጌ አውሮፕላን፣ አንድ የቆርቆሮ መጋዘንና ከተቆጠሩ ስልሳ የማይሞሉ የፓራሹት ዘላዮች አሉን። እዚህ ጀማሪ የሁሉም የእንጀራ ልጅ ነው። ኮርሱን ጨርሶ ወረቀቱን ሲቀበል እናጨበጭብለታለን፣ በማግስቱ ግን አብሮት የሚዘል አያገኝም። ነባሮቹ ከለመዱት ሰው ጋር ይወጣሉ። ከለመናቸውም «የእኔን መቀመጫ ክፈልና እመጣለሁ» ይሉታል፤ የአውሮፕላኑ መቀመጫ በአገራችን ገንዘብ ስልሳ ሌቫ ነው። ስለዚህ ብቻውን ይዘላል፣ ብቻውን የሚዘል ደግሞ ጥፋቱን የሚነግረው የለም። የፀደይን የጀማሪዎች ሦስት ቀን የጀመርነው ለዚህ ነበር፦ መቶ ዝላይ ያልሞላው ሁሉ ይመጣል፣ እያንዳንዱ ከአንድ ነባር ጋር ይዘላል፣ የነባሩን መቀመጫ ክለቡ ይከፍላል።

በምን ገንዘብ? አንድ የጎማ ነጋዴ አንድ ዓመት ረዳንና ሱቁን ዘጋ። ማዘጋጃ ቤቱ «እናያለን» ብሎ ሦስት ዓመት አየ። ያኔ ነው እኔ ባዶ የአይብ ቆርቆሮ ከቤቴ አምጥቼ መጋዘኑ በር ላይ ያስቀመጥኩት። ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ ያረፈ፣ ሃያ ሌቫ ቅጣት።

በፓራሹት ሲታረፍ ፊት ወደ ነፋሱ ይዞራል፤ ነፋሱ ይይዝሃል፣ ቀስ ብለህ ትቆማለህ። ከጀርባህ ከሆነ ግን ይገፋሃል፤ እግርህ አይደርስልህም፣ ሣሩን በአፍንጫህ ታርሳለህ። ሲያዩት ያስቃል። እኔም ቆርቆሮውን በማንኪያ እየደበደብኩ የወደቀውን ሰው እዞረው ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የሦስቱን ቀን ወጪ በሙሉ የሸፈነልን ያ ቆርቆሮ ነው። ሊቀ መንበራችን ኦግንያን በስብሰባ ላይ አመሰገነኝ። ነፋስ ከጀርባው አድርጎ የሚወድቀው ያው ጀማሪው መሆኑን፣ ድግሱን የምንደግስለት ከገዛ ኪሱ አውጥተን መሆኑን አንዳችንም ልብ አላልንም።

ኔቬና ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ጋብሮቮ ከተማ ውስጥ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፣ አርባ አንድ ዝላይ ነበራት። መልስ አታጣም። መጀመሪያ የተቀጣች ቀን ጉልበቷ በሣር አረንጓዴ ሆኖ መጣችና፣

«ጋሼ ዛፕርያን፣ ይኼን ሁሉ መሬት አርሼላችሁ የጉልበቴን አትከፍሉኝም?» አለችኝ።

«ገና መች ዘራሽና! መጀመሪያ ግብሩን ክፈይ» አልኳት። እየሳቀች ከፈለች።

በሳምንቱ ደገማት። በዚያን ቀን አልቀለደችም። አሥሩን በወረቀት፣ የቀረውን በሳንቲም እየለቀመች ከተተች። አይቻለሁ። እጇ ውስጥ ምንም እንዳልቀረ አይቼ ማንኪያውን አበርትቼ መታሁ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያይ። «ሦስተኛ ከሆነ ቆርቆሮውን ኔቬና ብለን ነው የምንጠራው» አልኩ። ሁሉም ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ እኔ ግን ያን ቀን በደንብ ያሳቅሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነው ቤቴ የገባሁት።

በጥቅምት፣ እሷ አየር ላይ እያለች ነፋሱ ዞረ። እኔ ቆርቆሮው አጠገብ ማንኪያዬን ይዤ ቆሜያለሁ። ቀጥ ብላ፣ ነፋሱን ከጀርባዋ አድርጋ መጣች። ሠላሳ ሜትር ያህል ሲቀራት እንደመጣች ብትወርድ ትወድቅ ነበር፣ ምናልባት ቁርጭምጭሚቷን ወለም ይላት ነበር፣ ከዚያ ተነስታ ትሰድበኝ ነበር። የነፋስ ማሳያውን ጨርቅ ስታይ አየኋት። ከዚያ በግራ እጇ የፓራሹቱን መሪ ገመድ ሳበች። ፓራሹት ሲዞር ቁልቁል ይጠልቃል፤ ለመቃናት ከፍታ ይፈልጋል። መሬት ከቀረብህ አትዙር፣ እንደመጣህ ውረድ የሚለው የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት ነው፤ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ አስተማርኳት፣ ማንኪያውን ግን በየሳምንቱ ነው ያሰማኋት። ዙሩን ሳትጨርስ መሬቱ ቀደማት። ከዚህ በላይ መናገር አልፈልግም።

ቆርቆሮውን በዚያው ቀን ወንዝ ውስጥ ጣልኩት። ለቀብሯ አበባ ላክሁ እንጂ አልሄድኩም። ለአርባዋ ታመምኩ አልኩ። የበረዶውን ወራት ሙሉ እንዲህ እየዋሸሁ ከረምኩ።

ሚያዝያ ሲገባ አሥራ አራት ጀማሪ ተመዝግቦ ነበር፣ ገንዘብ ግን አልነበረም። ኦግንያን ጠራኝ።

«የኔቬና እናት ቅዳሜ ትመጣለች። ስፌት ፋብሪካ አብረዋት የሚሠሩት አዋጥተዋል፣ የልጅቷንም መኪና ሸጣለች። ሦስት ሺህ ሌቫ ለጀማሪዎቹ ልትሰጥ ነው።»

«ስለ ቆርቆሮው ታውቃለች?»

«ነፋስ ነው ብያታለሁ፤ ነፋስ ነበር። ዛፕርያን፣ እለምንሃለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ አፍህን ያዝ። ነግረሃት ገንዘቧን ይዛ ብትሄድ ልጆቹ ዘንድሮም ብቻቸውን ነው የሚዘሉት። ይኼን ነው የምትፈልገው?»

አልፈልግም። እውነቱን ነው፣ ክፋቱም እሱ ነው፤ ብነግራትም ባልነግራትም አንድ ሰው እበድላለሁ።

የኔቬና እናት ዝላትካ በአውቶቡስ መጣች። አጭር ናት፣ ጥቁር ለብሳለች፣ ፌስታል ይዛለች። ከፌስታሉ መጀመሪያ ያወጣችው የልጇ ፎቶ ያለበትን፣ የሞተችበትን ስድስተኛ ወር የሚያስታውስ የሐዘን ማስታወቂያ ነው። የቤቷ በር ላይና የአውቶቡስ ፌርማታው ላይ ለጥፋ፣ አንዱን ለእኛ አምጥታለች።

«እዚህ በር ላይ ብለጥፈው ይቆጣሉ?» አለችኝ።

«ማን ይቆጣል፣ እትዬ ዝላትካ? ይለጥፉት።»

«እንግዲያው ማዕዘኑን ይያዙልኝ፤ ነፋሱ ይወስደዋል።»

ያዝኩላት። እሷ ፕላስተሩን በጥርሷ እየቆረጠች ስትለጥፍ የልጅቷ ፎቶ አውራ ጣቴ ሥር ነበር። ከዚያ ስኳር የተነሰነሰበት የስንዴ ንፍሮ በላስቲክ ኩባያ አድርጋ ሰጠችኝ። ነፍስ ይማር ብዬ አንድ ማንኪያ ጎረስኩ።

«እርስዎ ነዎት አይደል ጋሼ ዛፕርያን የሚባሉት?» አለች። «በጣም ያስቃል እያለች ታወራልኝ ነበር።»

ይኼኔ ነው የነገርኳት። በሩ ሥር እንደቆምን፣ ኦግንያን በመስኮት እያየኝ ነገርኳት። ቆርቆሮውን፣ ሳንቲሙን፣ በስሟ እንጠራዋለን ማለቴን፣ ሳትዞር ብትወርድ ትድን እንደነበር። እሷ የተረፈውን ፕላስተር ጣቷ ላይ ትጠቀልል ነበር።

«ሃያ ሌቫ ላለመክፈል ነው የዞረችው?» አለች በመጨረሻ።

«ለሃያው ብቻ አይደለም። እንዳልስቅባት ነው።»

«ብትነግረኝ እልክላት ነበር። እንደምልክላት ታውቃለች። ያለኝንም ታውቃለች፤ ለዚህ ነው ያልነገረችኝ።»

ነፋሱ የማስታወቂያውን ማዕዘን አነሳው። በአውራ ጣቴ መልሼ ተጫንኩት።

«አስከሬኗን ያየው ሐኪም ነፋስ ነው አለኝ፣ የእናንተ ሰውዬም ነፋስ ነው አለኝ። ስድስት ወር ሙሉ ነፋስ ስረግም ከረምኩ። መስኮቴ በተንኳኳ ቁጥር ስረግም።»

«ገንዘቡን ይዘው ቢሄዱ አልቀየምም፣ እትዬ ዝላትካ።»

«ገንዘቡ ያንተ ነው እንዴ የምትቀየመው?» አንተ አለችኝ። «የልጆቹ ነው። ማነው የሚያስተምራቸው?»

«እኔ ነበርኩ። ከእንግዲህ ግን...»

«ከእንግዲህ ግን ምን? ከቀብሯ ሸሸህ፣ ከአርባዋ ሸሸህ። አሁን ደግሞ ከእነሱ ልትሸሽ? ለእኔ እንደነገርከኝ ትነግራቸዋለህ። ሳታሳጥር፣ ሳንቲሙንም ሳትዘል። እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። በየዓመቱ እመጣለሁ።»

በጥፊ ብትመታኝ ይቀለኝ ነበር። ፖስታውን ለእኔ አልሰጠችኝም፤ ወደ ቢሮ ገብታ ኦግንያን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ ፈርሞ እንዲቀበላት ጠየቀችው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ጠዋት፣ አሥራ አራቱ መጋዘኑ ወለል ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። አንዷ ተማሪ ናት፣ አንዱ ዳቦ ጋጋሪ፤ የነባሩ መቀመጫ ተከፍሎላቸው አብረውት ሊዘሉ ስለሆነ ፊታቸው ሁሉ በርቷል። ዝላትካ ከኋላቸው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሌሊቱን ስለማመደው ያደርኩት ንግግር ጠፋኝና ካገኘሁት ቦታ ጀመርኩ።

«ስሜ ዛፕርያን ይባላል» አልኩ። «ባለፈው ጥቅምት እዚህ በር ላይ ማንኪያና የአይብ ቆርቆሮ ይዤ ቆሜ ነበር።»

ሳቁ። ምን ያድርጉ፣ ጋሼ ዛፕርያን ቀልደኛ ነው ተብሎ ተነግሯቸዋል። ዳቦ ጋጋሪው የጎረቤቱን ትከሻ መታ አድርጎ «ጀመረ!» አለው።

ወደ ዝላትካ ቀና አልኩ። እሷ የምታየው እኔን አልነበረም፤ የሚስቁትን ልጆች አንድ በአንድ እያየች ነበር። ሳቃቸው እስኪያልቅ ጠበቅሁና ቀጠልኩ።