ፊት የምታሳየው ጀልባ

ኢሶጂ ጀልባውን ለመሸጥ የቆረጠው ጉልበቱ እምቢ ካለው በኋላ ነው። በደሴቲቱ ላይ ግን ገዢ የሚባል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከከተማ ተመልሶ ዓሣ አጠምዳለሁ ያለው ወጣቱ ሶሱኬ። የሚሸጡት ጀልባዎች ሁለት ናቸው፦ የኢሶጂና የጎረቤቱ የጎንፓቺ። ገዢ ያጣችው ወደ መጨፍለቂያ ትሄዳለች። የተሠሩበት ፋይበርግላስ፣ በሙጫ የተጣበቀ የመስታወት ክር፣ እንደ እንጨት በስብሶ አፈር አይሆንም።

ኢሶጂን ያስጨነቀው መጨፍለቋ ብቻ አይደለም። ጀልባዋ ስትሠራ ሠሪው መዘውሩ ካለበት ከመሪው ቤት ወለል ሥር ትንሽ የእንጨት ሳጥን አሽጎባታል። የጀልባዋ ነፍስ እዚያ ናት፤ ሁለት የወረቀት አሻንጉሊት፣ አንድ ጭብጥ እህልና ከኢሶጂ ሚስት ከሺኖ ራስ የተቆረጠ የፀጉር ዘለላ። ሺኖ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። ጀልባዋ ባሕር እስከወጣች ድረስ ሳጥኗን የሚነካ የለም። የምትጨፈለቅ ከሆነ ግን ባለጀልባው በገዛ እጁ ያወጣታል። ኢሶጂ ይህን እጁን ፈራው።

ስለዚህ ሶሱኬ ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው ጀልባዋን ወደ የብስ አስጎትቶ ማጠብ ጀመረ። ጎንፓቺ የዓሣ ሳጥን ገልብጦ ተቀመጠና ያየው ጀመር።

«አንተ ሰው፣ ልትሸጣት ነው ልትድራት?»

«ያንተዋ ገላዋን ከታጠበች ስንት ዓመቷ ነው?»

«ኧረ በየቀኑ ትታጠባለች! ባሕር ላይ አይደለች እንዴ?»

የጎንፓቺ ጀልባ ላይዋን ፀሐይ በልቶት ሲነኳት እንደ ዱቄት እጅ ላይ ይቀራል። ኢሶጂ እሷን ባየ ቁጥር ልቡ ይረጋጋ ነበር።

የጀልባ መጎተቻው ባለቤት ወይዘሮ ቶሜ ብቅ ብላ የኢሶጂን ጀልባ ጎን ዳበሰች። «ጋሼ፣ ዘንድሮ የብርጭቆ ወረቀት እንዳያስነኳት። አጥበው ሰም ይቀቧትና ይበቃታል። ክሯን የሚሸፍነው ነጭ ልባስ አርባ ዓመት የፋቁት ቆዳ እኮ ነው፤ እንደ ጥፍር አያድግም።»

«እሺ፣ እሺ» አላት፤ እውነትም ሰምቷት ነበር። ሁለት ቀን በሳሙናና በሰም ብቻ ሠራ። ጀልባዋ ከኋላ እስከ ፊት አበራች። በስተቀኝ ከአፍንጫዋ ዘንድ፣ ስሟ ከተጻፈበት ሥር ግን፣ የወደቡ ጎማ ሲፈትጋት የኖረ መዳፍ የሚያክል ቦታ ፈዞ ቀረ። በየጸደዩ የመወልወል ሥራውን የሚያቆመው ፊቱን እዚያ ላይ ሲያይ ነበር። ሺኖም ከጎኑ ቆማ በዚያው ሻሿን ታስተካክል ነበር። አሁን ጎንበስ ብሎ ቢያይ ምንም የለም።

«ትንሽ ብቻ» አለ ለራሱ።

የብርጭቆ ወረቀቱን ውኃ ነክሮ ፈተገ። ማለስለሻ ቅባት ቀብቶ የመወልወያ ማሽኑን አስነሣ። ፊቱ ብቅ ሊል ሲል ሽታው ተለወጠ። ማሽኑን ቢያነሣው፣ ከነጩ መካከል እንደ ጆንያ ክር የተጠላለፈ ነገር ብቅ ብሏል። ቆዳው አልቆ ሥጋዋ ታየ።

ኢሶጂ ማሽኑን አጥፍቶ አስቀመጠ። ከዚያ ሰሙን አነሣና ደራርቦ ቀባው። አፍንጫዋ ላይ ጨው በተነ፣ የሩዝ አረቄ አፈሰሰ፣ መዳፎቹን ገጠመ። «ሺኖ፣ ለአንድ ቀን ሸፍኚልኝ» አለ። እንዲህ ያለ ጸሎት ከዚያ በፊት ጸልዮ አያውቅም።

ሶሱኬ አማቱን አስከትሎ መጣ። «እንዴት ታበራለች!» አለ። አማቱ ግን ዕድሜውን ባሕር ላይ የጨረሰ ሽማግሌ ነው። ከስሟ ሥር ቆመ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ጨርቅ ቤንዚን ነክሮ ጠረገው። ሰሙ ሲለቅ ክሮቹ ወጡ።

«ይህን ያውቁ ነበር?» አለ ሽማግሌው።

ኢሶጂ መዋሸት ይችል ነበር። «አውቃለሁ» አለ።

«ሌላስ ቦታ?»

ይህን አላወቀም። ራሱን ነቀነቀ።

ሽማግሌው ወደ ጎንፓቺ ጀልባ ሄዶ ዱቄቷን በጥፍሩ ጫረ። ከሥር ነጭ፣ ወፍራም ቆዳ ነበር። «ይቺን ማንም አልነካት» አለ ለአማቹ። «ይቺን ውሰድ።»

ሲሄዱ ጎንፓቺ ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክር ጀመር። «ኢሶጂ… እኔ እኮ ሰንፌ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ስቀህብኝ እንኳ ብትሄድ ይሻለኝ ነበር።»

ኢሶጂ አልሳቀም። መሮውን ይዞ መሪው ቤት ገባ። ወለሉን ሲፈነቅል ሳጥኗ ደርቃ፣ ንጹሕ ሆና ተገኘች። እህሉ ጠቁሯል፤ የአሻንጉሊቶቹ ፊት ጠፍቷል። ዘለላው ግን በቀይ ክር እንደታሰረ፣ ዛሬ እንደተቆረጠ ጠቁሮ ያበራል። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ፤ ሰሙ አልለቅ አለው። በዚያው እጁ አነሣው።

ወርዶ በጎኗ ሲያልፍ፣ ያልተጎዳው ጎኗ ላይ ፊቱን አየው። አንድ ሳይቀር እያንዳንዱ መስመር ጥርት ብሎ ይታያል።